ምናችን ጠምሞ ነበር?

አንድ ቃል የእህቴን ሰርግ ሊያፈርስ ሲል ቆሜ አይቻለሁ። ቃሉ ከእኔ አፍ ነው የወጣው፤ ለዚያውም ሌሊቱን አውጥቼ አውርጄ፣ መርጬ፣ በምርጫዬም ኮርቼ።

በመጀመሪያ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ወረርሽኙ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ ውስጥ፣ ሊፍቱ ከተበላሸ የቆየ ፎቅ ላይ ከእናቴና ከእህቴ ከማርታ ጋር እኖራለሁ። እዚህ አገር የመጣሁት በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው። አማርኛ ማንበብ የተማርኩት ከእሷ መጽሐፍ ቅዱስ ሲሆን ግጥም መጻፍን ግን ማንም አላስተማረኝም። ከሠራሁባቸው ሱቆች ሁሉ የተባረርኩት በአንድ ምክንያት ነው፤ ደንበኛ መስኮቱ ላይ ቆሞ እየጠራኝ እኔ የኑድል ካርቶን ላይ እጽፋለሁ። አንድ ቦታ መርጋት አልችልም ነበር። ማርታ “አንተ እንትን አለብህ፣ እግርህ ሥር እሳት” ትለኛለች።

ሥራ ፈትቼ በከረምኩበት ሰሞን በነፃ የሚሠራበት ቦታ አገኘሁ። ከሶዌቶ አልፎ፣ ከወርቅ ማዕድን የወጣው ቢጫ አፈር እንደ ተራራ ከተከመረበት ጀርባ፣ አንድ አሮጌ የእርሻ ቤት አለ። የድሮ ነጭ ገበሬዎች አኗኗር የሚታይበት ሙዚየም ነው። በበሬ የሚጎተት ሠረገላ፣ ማረሻ፣ ቅቤ መናጫ፣ የከሰል ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የማይስቁ ፂማሞች። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ የሚያስተዳድሩት ጡረተኛ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በሽታው ሲመጣ ጡረተኞቹ ቤታቸውን ዘጉ። ብረት ሲቀጠቅጥ ለጎብኚ የሚያሳየው ሽማግሌ ሞተ። የቆዳ ሽርጡ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ፤ ማንም ሊያነሳው አልደፈረም።

የቀረችው ታኒ ሄስተር ብቻ ነበረች። ታኒ በአፍሪካንስ አክስቴ እንደማለት ነው። ለትልቅ ሰው ሁሉ አንቱ እላለሁ፤ ለእሷ ግን አንቱታ አልወጣልኝም። በመጀመሪያው ቀን እጄን እጄን እያየች፣

“አቧራውን ታነሳለህ፤ ዕቃውን አትነካም” አለችኝ።

ዕቃውን ሳልነካ አቧራውን እንዴት እንደማነሳው አልነገረችኝም። ማስኳን የሰፋችው ከሙዚየሙ መስኮት መጋረጃ ትራፊ ነበር። መስኮቱ አጠገብ ስትቆም ቤቱ ራሱ ዓይን አውጥቶ የሚያየኝ ይመስለኛል። እኔ ግን ጸጥታውን ፈልጌ ሄድኩ። ከሠረገላው ሥር ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ እሷም እንዳላየች ታልፈኛለች። አንዳችን ሌላችንን አንወድም፤ ግን እንቻቻላለን።

ማርታ ለተመስገን ታጭታ ነበር። ተመስገን የጋሽ ኤርጃቦ ልጅ ነው። ጋሽ ኤርጃቦ ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ የሚባለው ዓይነት የሰፈር ሱቅ ያላቸው፣ በቤተ ክርስቲያናችን የሚፈሩ፣ ከሆሳዕና ገጠር የመጡ ሰው ናቸው። አባቴም የሆሳዕና ከተማ ልጅ ነበርና የአገር ሰው አገኘን ብለን ደስ ብሎን ነበር። ጋሽ ኤርጃቦ ግን የአባቴን ቤተሰብ ስም ሲሰሙ፣ “አሃ፣ ከተሜዎቹ” ብለው ሻያቸውን ወደ መጠጣት ተመለሱ። እናቴ ያቺን “አሃ” ለብዙ ቀን ስታመነዥጋት ከረመች።

ሰርጉ በወረርሽኙ እገዳ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተሰረዘ። በሁለተኛው ጊዜ ጋሽ ኤርጃቦ ሽማግሌዎች ፊት ቁርጥ ያለ ነገር ተናገሩ። “ሦስተኛ ከተሰናከለ ጌታ አልፈቀደም ማለት ነው። ልጄን ሌላ ቦታ አያለሁ።” ማርታ ይህን ሰምታ ቤት እስክንደርስ አላለቀሰችም። ከደረስን በኋላ ግን ቧንቧ ከፍታ መታጠቢያ ቤት ቆየች።

አዳራሽ ተከልክሎ ደጅ መሰብሰብ በተፈቀደ ጊዜ የሙዚየሙ ግቢ ትዝ አለኝ። ሰፊ ሣር፣ የባሕር ዛፍ ጥላ፣ አጥር። ታኒ ሄስተርን ለመንኳት። ሙዚየሙ ጎብኚ ካጣ ቆይቷልና እምቢ ለማለት አልደፈረችም፤ ግን አንድ ሕግ አለን አለች።

“ግቢውን የሚከራይ ሁሉ መጀመሪያ ሙሉ ጉብኝቱን ይጎበኛል። የት እንደቆመ ለማያውቅ ሰው አላከራይም።”

ጋሽ ኤርጃቦ ደግሞ በበኩላቸው፣ “ቦታውን በዓይኔ ሳላይ አልፈቅድም” አሉ። እናቴ አስም ስላለባት ከቤት አትወጣም፤ አባቴ በሕይወት የለም። ስለዚህ የሴቷ ወገን ወኪል እኔ፣ አስተርጓሚውም እኔ።

ሌሊቱን ተዘጋጀሁ። ያስቸገረኝ ታኒ ሄስተር በየዐረፍተ ነገሩ የምትደጋግመው “ፓዮኒር” የሚለው ቃል ነበር። ፈር ቀዳጅ ልበለው ብዬ አሰብኩ። ፈር ቀዳጅ ግን ጋዜጣ ለዘፋኝም ለሯጭም የሚሰጠው ያረጀ ቃል መሰለኝ። የበለጠ ግርማ ያለው ፈለግሁ፤ አገኘሁም። አገር አቅኚ። ከቤታችን የወጣ ቃል ነው። እናቴ ስለ አባቴ አያት ስታወራ “አገር ሲያቀኑ ወርደው እዚያው ቀሩ” ትላለች፤ ስትናገረው አንገቷ ቀና ይላል። ካርቶኔ ላይ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

በማግሥቱ በጋሽ ኤርጃቦ ባኪ፣ ዕቃ በሚጭኑባት ፒክአፕ፣ ሄድን። እሳቸውና ተመስገን ጋቢና፣ እኔና ማርታ ከኋላ ከባዶ የለስላሳ ሳጥኖች ጋር። ታኒ ሄስተር በሩ ላይ የሙቀት መለኪያ ይዛ ጠበቀችን። የመለኪያውን አፍ በየግንባራችን ደቀነችው። ጋሽ ኤርጃቦ ኮፍያቸውን አንስተው “ሳውቦና” ብለው በዙሉ ሰላምታ ሰጡ።

“ማስኩን አፍንጫህ ላይ አድርገው፣ ማይ ፍሬንድ” አለች በእንግሊዝኛ።

ሶዌቶ የኖረ ያውቃል፤ ማይ ፍሬንድ ማለት ወዳጄ ማለት አይደለም። ባለሱቁ የእኛ አገር ሰው ሲሆን ስሙን ላለመጠየቅ የሚጠራበት ስም ነው። መስኮቱን የሚያንኳኳውም፣ ሱቁን የሚዘርፈውም ማይ ፍሬንድ ነው የሚለው። ጋሽ ኤርጃቦ ማስካቸውን ከፍ አደረጉ። ከማስኩ በላይ የቀሩት ዓይኖች ጠበቡ።

“ምን አለችህ?” አሉኝ።

“እንኳን ደህና መጡ ብላለች።”

“ይቺ ፊቷ እንደዚያ አይልም።”

ጉብኝቱ ከወጥ ቤቱ ጀመረ። ታኒ ሄስተር በዱላዋ ታሳያለች፤ እኔ እተረጉማለሁ። መሀል መሀል ላይ ማሳሰቢያ ጣል ታደርጋለች። ፍየል ሣሩ ላይ አይታረድም። ከበሮ የለም። ስካር የለም። ጋሽ ኤርጃቦ የመጨረሻውን ሲሰሙ፣ “ጴንጤ መሆናችንን ንገራት፤ የሚሰክሩት የእሷ ሰዎች ናቸው” አሉ። እኔ “አንጠጣም ይላሉ” አልኳት። ተመስገን ሳቁን በሳል ደበቀው፤ ታኒ ሄስተር ሳሉን ሰምታ ሁለት እርምጃ ሸሸች።

ማርታ ከኋላችን በመስኮቱ አሻግራ ሣሩን ታያለች። ወንበሮቹን በልቧ እየደረደረች እንደነበር አውቃለሁ።

ከዚያ ሠረገላው ጋ ደረስን። ታኒ ሄስተር እዚህ ስትደርስ ሁሌም ድምፅዋ ይለወጣል። ዱላዋን በሁለት እጇ ያዘች።

“አያቴ የመጣው በዚህ ነው። እዚህ ሲደርስ ምንም አልነበረም። ሣርና አንበሳ። ድንጋዩን አነሳ፣ ጉድጓዱን ቆፈረ፣ አረሰ። ፓዮኒሮቹ ይህን ምድር ምድር አደረጉት።”

ደረቴን ነፋሁና ተረጎምኩ። “አያቷ በዚህ ሠረገላ ነው የመጡት። ቦታው ባዶ ነበር። እነዚህ ሰዎች አገር አቅኚዎች ናቸው። አገሩን ያቀኑት እነሱ ናቸው።”

ጋሽ ኤርጃቦ ሠረገላው ላይ የተደገፈውን ቀንበር እየዳሰሱ ነበር። እጃቸው ቆመ።

“ምን አልክ?”

“አገር አቅኚዎች።”

“ድገመው።”

ያልሰሙኝ መስሎኝ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ማርታ ክንዴን ጨመቀችው፤ ከእኔ ቀድማ ገብቷት ነበር።

“ይቺ ሴት ነች እንደዚያ ያለችው? ወይስ አንተ?”

“እሷ ያለችው በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛው—”

“አማርኛው ያንተ ነው።” ቀንበሩን ለቀቁት። “ልጅ ሆኜ ለመልከኛው ቤት ሣር አጭጄ እወስድ ነበር። መሬቱ የአያቴ ነበር፤ እኛ ግን ጭሰኛ ነበርን። ሰውየው የሞተ ጊዜ መቃብሩን የቆፈረው አባቴ ነው። ቆፍሮ ሲጨርስ አካፋውን እንደያዘ ከሰው ጀርባ ቆመ። ከዚያ አንዱ ወጣና የሟችን ታሪክ አነበበ። ‘አገር ያቀኑ ጀግና’ አለ። አባቴ ቆሞ ሰማ። አፈር ሳይታጠብ ሰማ።” ወደ እኔ ጠጋ አሉ። “አቀኑን? ምናችን ጠምሞ ነበር? ንገረኝ እንጂ፣ ቃል አዋቂ ነህ አሉ። ምናችን ጠምሞ ነበር የቀናው?”

ገጣሚ ነኝ የምል ሰው ካርቶኔን አወጣሁ፤ ያለችው ሁለት ጊዜ ያሰመርኩባት ያችው ቃል ብቻ ነበረች።

“ያንተ አያት ምን ነበሩ?”

የመለሰችው ማርታ ናት።

“የአባቴ አያት ወታደር ነበሩ ጋሼ። መሬት ተሰጥቷቸው ነው ሆሳዕና የቀሩት። እኛ ቤት አገር አቀኑ ነው የሚባለው። ደብቄ አላገባም፤ ይኸው ሰሙ።”

“አሃ” አሉ። ያችው የሻዩ “አሃ” ነበረች። “ተመስገን፣ ቁልፉን አምጣ። ሦስተኛው ይኸው።”

“አባዬ፣ ፕሊዝ! ቃል እኮ ነው፤ ጀስት ኤ ወርድ!”

“ቁልፉን አልኩህ።”

ተመስገን ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፉ ውስጥ ያዘው፤ አልሰጠም። ማርታ አላለቀሰችም። ወደ እኔም ዞር አላለችም፤ እሱ የባሰ ነበር። እኔ በጋሽ ኤርጃቦ ተናደድኩ፣ ባላየሁት ቅድመ አያቴ ተናደድኩ፣ ግድግዳው ላይ ባሉት ፂማሞች ተናደድኩ።

ታኒ ሄስተር የሆነውን አልተረዳችም። “ምን አልከው? ምን ብለህ ተረጎምክ?” ትለኛለች። ጋሽ ኤርጃቦ ወደ በሩ ሲያመሩ ቀድማ ደፉ ላይ ቆመች፤ ዱላዋን አግድም ዘረጋችው።

“ጉብኝቱ አላለቀም!”

አልሰሟትም። ያኔ በሌላ ቋንቋ ጮኸች፤ በዙሉ።

“ተቀመጥ!”

ሁላችንም ደነገጥን። ለወራት አብሬያት ስሠራ አንዲት የዙሉ ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ንግግሯ እንከን የለውም፤ ግን የትእዛዝ ዙሉ ነው። ቁም፣ ሂድ፣ አምጣ ለማለት የተማረችው። የጋሽ ኤርጃቦ ዙሉ ደግሞ የሱቅ ዙሉ ነው፤ በፍርግርግ መስኮት በኩል፣ በትሕትናና በጥርጣሬ የተለቀመ። እኔ ዮቪል ሰፈር መንገድ ላይ ባደግሁበት ዙሉ ሁለቱንም እሰማቸዋለሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አስተርጓሚነቴ አበቃ።

“ጎጎ፣ እኔ የምቀመጠው ቤቴ ነው” አሉ። ጎጎ አያቴ ማለት ነው፤ እሷ ያልሰጠቻቸውን አክብሮት ነው የሰጧት። “ይህን ቋንቋ ከየት አመጣሽው?”

“እዚሁ ነው ያደግሁት።”

“እዚህ ምንም አልነበረም ብለሻል። ሣርና አንበሳ ብለሻል። ታዲያ ዙሉ ማን አስተማረሽ? ሣሩ ነው? አንበሳው ነው?”

የታኒ ሄስተር ዱላ ቀስ ብሎ ወረደ። የመጋረጃው ማስክ ወደ ውስጥ እየተሳበ ተመልሶ ይነፋል። አፏ እንደተከፈተ በጨርቁ ላይ አየሁት።

“ያሳደገችኝ ሴት” አለች በመጨረሻ።

“ስሟ?”

“ኖምሳ።”

“ቤቷ የት ነበር?”

“ከዛፎቹ ጀርባ።”

“አሳዪኝ።”

“ጉብኝቱ ውስጥ የለም።”

“ጉብኝቱ አላለቀም ያልሽው አንቺ ነሽ።”

ተያዩ። ከዚያ ታኒ ሄስተር ዞራ ወጣች። ሳትጠራን ተከተልናት። ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ፣ እኔ ሄጄ በማላውቅበት በኩል፣ በሣር የተዋጡ ክብ ክብ የድንጋይ መሠረቶች ነበሩ። አንዱ በአንዱ ጎን፣ ብዙ። በረት የነበረ፣ ቤት የነበረ። ድንጋዩ ግን በየቦታው ጎድሏል፤ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ።

“የእሷ ሰዎች ከሠረገላው በፊት ነበሩ” አለች ታኒ ሄስተር፤ ለማንም ሳታይ። “ጎተራውን አያቴ የሠራው በዚህ ድንጋይ ነው።”

“አነሳ ያልሽው ድንጋይ ይሄ ነው?”

“ይሄ ነው።”

ጋሽ ኤርጃቦ ኮፍያቸውን አወለቁ። ለእሷ እንዳልሆነ ያስታውቃል። ንፋሱ ከቢጫው ኮረብታ አፈር እያመጣ ዓይናችን ውስጥ ይሞጅራል።

“አሁን ረካህ?” አለች።

“አይ።”

“እዚህ ጋ መኪና ማቆም ክልክል ነው።”

“መቃብር ላይ መኪና አላቆምም” አሉ።

መቃብር ነው ያላቸው የለም፤ እሷም አይደለም አላለችም። ከዚያ ጋሽ ኤርጃቦ ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ ተናገሩኝ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

“ይቺ ሴት ዋሽታለች፤ መዋሸቷን ግን ታውቃለች። ስትጠየቅ መለሰች። አንተ የምትለውን ሳታውቅ ነው የምትናገረው። ከሁለታችሁ የምፈራው አንተን ነው።”

ማርታን አዩዋት። “አንቺ አልደበቅሽም” አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ለተመስገን፣ “ቁልፉን ኪስህ ክተት” አሉት።

“ሰርጉ እዚህ ይሆናል” አሉኝ። “በዕለቱ ግጥም ታነባለህ አሉ። ግጥም አልፈልግም። ሠረገላው ጋ ትቆምና ምግብ ከመቅረቡ በፊት የዚህን ቦታ ነገር ለሕዝቡ በአማርኛ ትናገራለህ፤ ያችን ቃል ሳትጠራ። ብትጠራት ሰርገኛውን ይዤ እወጣለሁ።”

ቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኳት። “የሰውየው ቂም እኛን ምን አገባን? አያትህን አታሰድብ” አለችኝ፤ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ማርታ ደግሞ ልብሷን እያስለካች፣ “ቃሉን አግኝ፤ ካላገኘህ እንዳትመጣ” አለችኝ። ቀልድ አልነበረም። ካርቶን ሙሉ ቃል ጽፌ ሰረዝኩ። ሰፋሪ አልኩ፣ መጤ አልኩ፤ መጤ ስል የራሴን የመኖሪያ ወረቀት አስታወስኩና ሰረዝኩት።

በሰርጉ ቀን ወደ ሣሩ ወለል ብሎ በተከፈተው በር ውስጥ፣ ሠረገላው አጠገብ ቆምኩ። ሰው ማስኩን አድርጎ፣ ሣሩ ላይ ተራርቆ ተቀምጧል። ጋሽ ኤርጃቦ ፊት ወንበር ላይ፣ ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ። ኮፍያው ራሳቸው ላይ ከወጣ ሰርጉ አበቃ ማለት ነው።

“በዚህ ሠረገላ” አልኩ፣ “ኋላ መጥተው ‘መጀመሪያ ነን’ ያሉ ሰዎች መጡ። ከዛፎቹ ወዲያ ያሉት ድንጋዮች ሲመጡ አይተዋቸዋል።”

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ከዚያ ብዙዎች ሳቁ። ማርታም በቬሏ ውስጥ ሳቀች። ጋሽ ኤርጃቦ አልሳቁም። ኮፍያውን ግን ከጉልበታቸው አንስተው ከወንበራቸው ሥር መሬት ላይ አስቀመጡት። ምግቡ ቀረበ።

ታኒ ሄስተር በሩ ላይ፣ መለኪያዋን እንደያዘች፣ ምን እንዳሳቃቸው ጠየቀችኝ። እንዳለ ተረጎምኩላት፤ በዚህኛው ላይ አንዲት ቃል አላሳመርኩም። “ይህን ለሙዚየሙ ኮሚቴ አቀርባለሁ” አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ በሩ ተቆልፎ ነበር። በአጥሩ ክፍተት እያየችኝ፣ “ከእንግዲህ አታስፈልገንም” አለችኝ። ያለ ደመወዝ ከሚሠራበት ቦታ የተባረረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው እኔ።

አሁንም እጽፋለሁ። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ድሮ ቃል ስመርጥ የማዳምጠው ዜማውን ብቻ ነበር። አሁን ያማረ ቃል ሲመጣልኝ አቆመውና አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፤ አንተ ስትነበብ አካፋ ይዞ ከኋላ የቆመው ማነው? ብዙ ግጥሞቼ በዚህ ጥያቄ ሞተዋል። የቀሩት አጫጭር ናቸው። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ በየቤታችሁ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ የምትሏት አንዲት ቃል አትጠፋም። እኔ ምን እንደሆነች አላውቅም። ስትሏት ግን ዞር ብላችሁ ከሰው ጀርባ ተመልከቱ።

ጋሽ ኤርጃቦ አልማሩኝም። ዛሬም ማርታን ልጠይቅ ሶዌቶ ስሄድ፣ ከስፓዛው ፍርግርግ ውስጥ ገና ከሩቅ ያዩኛል። ተራ የሚጠብቀው ደንበኛ እስኪዞር ድረስ ይጮኻሉ።

“ተመስገን! አቅኚው መጣ፤ መደርደሪያውን ቆልፍ!”

ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። እሳቸው ግን አይስቁም።